አምስተኛው ልዑክ፦ ከሚሴና አካባቢዋ አስቀድሞ የሚሹት ሕንፃ ነው ወይስ አገልጋይ?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። አራት ብቻ ከተገኙ በሩ ቢከፈትም፣ ዕጣኑና ዘቢቡ ቢዘጋጅም ቅዳሴ አይኖርም። ይህን በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ለሚኖር ምእመን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል። ይሁን እንጂ በየሰንበቱ ከመቅደስ የሚወጡትን ልዑካን ቆጥሮ የሚያውቅ ስንቱ ነው? አገልጋይ በሞላበት አጥቢያ ማንም አይቆጥርም። አገልጋይ በጠፋበት አካባቢ ግን ቅዳሜ ማታ ምእመናን የሚጠያየቁት «ነገ አምስት ይሞላሉ ወይ?» ብለው ነው።

ይህ ጥያቄ ከሚከብድባቸው የሀገራችን አካባቢዎች አንዱ ከሚሴና ዙሪያዋ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ፣ ቦርከና በሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለምዶ ኦሮሚያ ዞን የምንለው፣ መቀመጫም ናት። ዞኑ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ደዌ ሐረዋንና በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀውን ባቲን ያቅፋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ457 ሺህ በላይ ነበር። እጅግ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ አፉን የፈታውም በኦሮምኛ ነው። ኦርቶዶክሳውያን ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ በተለይ በከተሞቹ ይኖራሉ።

ይህ ጥቂት ምእመን ባለፉት ዓመታት ያየው መከራ ቀላል አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በጅሌ ጥሙጋ፣ በአጣዬና በአጎራባች ወረዳዎች የተነሣው ግጭት የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ ቤት ንብረት አውድሟል፤ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደረሰ፤ ከተማዋም እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በጦርነት ውስጥ ቆየች። ሕዝብ ሲፈናቀል ካህኑም ልጆቹን ይዞ ይሰደዳል። ምእመኑ የእርሻ መሬት ወይም ሱቅ ስላለው ሰላም ሲሰፍን ይመለሳል። ደመወዙ ላልተረጋገጠለት፣ የሚኖረውም በኪራይ ቤት ለሆነ አገልጋይ ግን የሚመልሰው ምንድን ነው?

እንዲህ ያለ ችግር በደረሰ ጊዜ የእኛ የተለመደ ምላሽ ሕንፃ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከተቃጠለ ወይም ከፈረሰ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይጫናል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ እያዩ ዝም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በምረቃው ዕለት ከሀገረ ስብከትና ከአዲስ አበባ የመጡት ካህናት ቀድሰው ከተመለሱ በኋላ በቀጣዩ እሑድ ማን እንደሚቀድስ አስቀድሞ የጠየቀ ኮሚቴ ብዙ አይገኝም። የሕንፃ ገቢ ማሰባሰቢያ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጠራል። «ለአንድ ዲያቆን የሦስት ዓመት የትምህርትና የቀለብ ወጪ» ተብሎ የተጠራ ጉባኤ ግን ይህ ጸሐፊ አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ አገልጋይ ከጥቂት ምእመናን አጥቢያ የሚለቅበትን ምክንያት በቅድሚያ በቁጥር እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል ስድሳ አባወራ ያለው አጥቢያ እንውሰድ፤ አሐዙ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰደ እንጂ የየትኛውም አጥቢያ መዝገብ አይደለም። እያንዳንዱ አባወራ በየወሩ ሳያጓድል ሃምሳ ብር ቢከፍል 3,000 ብር ይሆናል። ለአምስት ልዑካን ሲካፈል ለእያንዳንዱ 600 ብር ይደርሰዋል። ከዚህ ላይ የጧፍና የዕጣን፣ የዘቢብና የስንዴ ወጪ ገና አልተነሣም፤ ወደ ላይ የሚላከው ፈሰስም አልተቀነሰም። አባወራው መዋጮውን እጥፍ ቢያደርገው እንኳ ሚስትና ልጆች ያሉት ቄስ በዚህ ገንዘብ አይኖርም። ሦስት ሺህ አባወራ ያለው የከተማ አጥቢያ በበኩሉ ከአባወራው በዚያው ልክ እየሰበሰበ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ አገልጋዮችን ይቀጥራል። ሁለቱ አጥቢያዎች የሚተዳደሩት በአንድ ቃለ ዓዋዲ ነው፤ መሠዊያቸውም አንድ ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ቀድሞ አገልጋዩ ይኖር የነበረው ከመሬት ነበር። ቄሱም ደብተራውም የሰሞን መሬት ነበረው፤ አገልግሎቱን ሲያቆም መሬቱ ይቀርበታል፤ እያገለገለ ግን አጥቢያው ሠላሳ አባወራ ይኑረው ሦስት መቶ፣ የዕለት እንጀራው በምእመኑ ቁጥር አይወሰንም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት በአንድ ቀን ሻረው። የዚያ ሥርዓት በደልም የታወቀ ነውና ይመለስ የሚል የለም። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ምእመኑ በአባልነት መዋጮ ቤተ ክርስቲያኑን እንዲያስተዳድር ሰበካ ጉባኤን አቋቁሞ ስለነበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አዋጁ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ፈጽማ ባዶ እጇን አልቀረችም። አሳቡ አርቆ አሳቢነት የተሞላበት ነበር። ነገር ግን መዋጮ በአባል ብዛት የሚለካ ስለሆነ፣ አባል በሚበዛበት አጥቢያ ሲበለጽግ አባል በሚያንስበት ይሳሳል። ከሚሴ፣ ባቲ፣ ደዌ ሐረዋ ያሉ አካባቢዎች የሚገኙት በሚሳሳው ጠርዝ ላይ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ችግር ያውቀዋል። ነህምያ ወደ ንጉሥ አርጤክስስ ሄዶ ሲመለስ ያገኘውን እናስታውስ። ቀድሞ የእህሉ ቍርባን፣ ዕጣኑና ዐሥራቱ ይቀመጥበት የነበረው ሰፊ ክፍል ለጦብያ ተሰጥቶ ነበር። ለሌዋውያን የሚገባው ድርሻ አልተከፈላቸውም፤ ስለዚህ የሚያገለግሉትም መዘምራኑም እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተው ነበር (ነህ. 13፥4-10)። ነህምያ ታዲያ ማንን ገሠጸ? ሸሽተው የሄዱትን ሌዋውያን ይወቅሳል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። እርሱ ግን የተከራከረው ከሹሞቹ ጋር ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ ብሎ የጠየቀው እነርሱን ነው። ሌዋውያኑን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ዐሥራቱን አመጣ። በዕቃ ቤቱ ላይም ካህኑን ሰሌምያን፣ ጸሐፊውን ሳዶቅን፣ ከሌዋውያኑም ፈዳያን ሾመ፤ ሐናንንም ረዳት አደረገላቸው። የተመረጡበት ምክንያት ታማኞች ሆነው በመገኘታቸው፣ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማከፋፈል እንደ ነበር መጽሐፉ ጨምሮ ይነግረናል (ነህ. 13፥11-13)።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዛሬ የአስተዳደር ምሁራን በብዙ ገጽ የሚጽፉት ነገር አለ። ሠራተኛ ሲለቅ አስቀድሞ የሚመረመረው አሠሪው ነው። ሕዝቡም የሚሰጠው ነገር ጠፍቶት አልነበረም፤ ዕቃ ቤቱ ለጦብያ እንደ ተሰጠ እያየ ዐሥራቱን ለማን ያምጣ? እምነቱ ሲመለስ ዐሥራቱም ተመለሰ።

ወደ እኛ ዘመን ስንመለስ፣ አገልጋይን ከጠረፍ አጥቢያ የሚያሸሸው የደመወዝ ማነስ ብቻ አይደለም። የቤት ውስጥ ልማዳችንም አለበት። በቤተ ክህነት አካባቢ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምእመኑ ወደ በዛበት ደብር መዛወር ሹመት፣ ምእመኑ ወዳነሰበት መላክ ደግሞ ቅጣት ተደርጎ ይታያል። ጥፋት የተገኘበት ወይም ደጋፊ ያጣ አገልጋይ «ጠረፍ ይውረድ» ይባላል። እንግዲህ የመንጋው በጎች በጥቂቱ ወደ ቀሩበትና ተኩላ ወደሚበዛበት ስፍራ የምንልከው ልንቀጣው የፈለግነውን እረኛ ከሆነ፣ ለዚያ መንጋ ያለን ግምት ምን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። እዚያ የኖረው ምእመንም ይህን ያውቃል። የተላከለት ቄስ ዓይኑ በዝውውር ደብዳቤው ላይ እንደ ሆነ ይረዳል፤ ስለዚህ የልቡን አይነግረውም፤ ልጁንም ለድቁና አይሰጠውም።

በዝምድናና በጎጥ መቅጠር፣ ያለ በቂ ምክንያት ማዛወርና ማገድ፣ ለቦታ ገንዘብ መቀበል በቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤያት ላይ በግልጥ የተነገሩ ሕመሞች ናቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ በ2005 ዓ.ም. ወደ መንበሩ ከመጡ ወዲህ ስለ ሙስናና ስለ ብልሹ አሠራር በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የምናየው ገንዘብ ከሚበዛባቸው የአዲስ አበባ አድባራት አንጻር ነው። የሕመሙ ዳፋ ግን ገንዘብ በሌለበትም ይደርሳል። አንድ መሪጌታ ለአንድ የአዲስ አበባ ደብር ለመቀጠር ዓመታት ደጅ ሲጠና ይኖራል፤ እነዚያን ዓመታት ደዋ ጨፋ ወይም ባቲ ላይ ሊያስተምርባቸው ይችል ነበር። ያን እንዲመርጥ የሚያደርገው አንዳች ነገር ግን አላዘጋጀንለትም።

ይህን ስንል ቤተ ክርስቲያናችን ሰውን የማሳደግ ጥበብ የላትም ማለት አይደለም። እንዲያውም በኢትዮጵያ ከአብነት ትምህርት ቤት የሚቀድም የሰው ማፍሪያ ተቋም ማግኘት ያስቸግራል። በዋድላ የቅኔ ጉባኤ፣ በሰላልኩላ የቅዳሴ፣ በቤተልሔም የድጓ፣ በዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስተማሪ ለመሆን ያድጋል። በቅኔ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስነግራል፤ መምህሩ ሁሉን ብቻውን አይሸከምም። ሰላልኩላና ዋድላ በወሎ ምድር ናቸው፤ ከከሚሴ ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ ካለው ርቀት አይበልጥም። ከእነዚህ ጉባኤያት የወጣው ተማሪ ግን መንገዱን ይዞ ወደ ደቡብ ሲወርድ ከሚሴን በአውቶቡስ መስኮት ያያታል እንጂ አይወርድባትም።

ስለዚህ ለከሚሴና ለአካባቢዋ የሚበጀው ከውጭ የሚላከውን ከመጠበቅ ይልቅ ከዚያው ማብቀል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በጥንቃቄ ሊታሰቡ ይገባል፤ ቋንቋና ጉርብትና።

በዞኑ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል በመሆኑ ንባብን በዚያ የጀመረ ልጅ ወደ ንባብ ቤት ሲመጣ የሚቈጥረው ሀ ሁ ሁለተኛ ፊደሉ ነው። ይህን ያላገናዘበ መምህር ልጁን ሰነፍ ይለዋል። ያገናዘበ መምህር ግን ተማሪው ገና በልጅነቱ ሁለት ፊደላትን፣ ከግእዝ ጋር ሦስት ቋንቋዎችን የሚይዝ እንደሚሆን አይቶ በትዕግሥት ያሳድገዋል። ነገ በኦሮምኛ የሚያስተምር፣ የንስሓ ልጁን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያናዝዝ ካህን ከዚህ ልጅ የተሻለ ከየት ይገኛል? የቋንቋ አገልግሎት ጉዳይ ቤተ ክርስቲያንን ምን ያህል እንደ ፈተናት በጥር 2015 ዓ.ም. አይተናል። ቅዱስ ሲኖዶስም ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾም ሰባቱን ለኦሮሚያ ክልል አህጉረ ስብከት መድቧል። ከሚሴ ግን በአማራ ክልል ውስጥ ያለች ኦሮምኛ ተናጋሪ ናት፤ ስለ ኦሮሚያ ስንነጋገር በክልሉ ወሰን ምክንያት ትዘለላለች፤ ስለ አማራ ክልል ስንነጋገር ደግሞ ሁሉም በአማርኛ የሚገለገል ይመስለናል። ሊቀ ጳጳስ መሾም ደግሞ የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ኦሮምኛ የሚያውቅ ዲያቆን ከሌለ ኦሮምኛ የሚያውቅ አባት ብቻውን አምስት አይሞላም።

ሁለተኛው ጉርብትና ነው። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ መገኘታቸው እንግዳ አይደለም። ሠርግ ሲሆን ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፤ ለቅሶ ሲሆን ሁሉም ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ቄስ የመቅደስ አገልጋይ ብቻ ሆኖ አይኖርም። ጠብ ሲነሣ ከሼሁና ከሽማግሌው ጋር ለዕርቅ ይቀመጣል፤ ወሬ ሲናፈስ እውነቱን ለማወቅ ሰዎች ወደ እርሱ ይሄዳሉ። ለዚህ መታወቅና መታመን ያስፈልገዋል፤ ይህም በስድስት ወር የሚገኝ ነገር አይደለም። የ2013 ዓ.ም. ዐይነቱ ቀን ሲመጣ በማዶ ካሉት ሽማግሌዎች የአንዱን ስም እንኳ የማያውቅ ካህን ለመንጋው ምን ሊያደርግ ይችላል? አገልጋዩን በየጊዜው ማፈራረቅ የሚያሳጣን ይህንን ሀብት ነው፤ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ግን ኪሳራው አይታየንም።

ከዚያው ማብቀል የሚለው አሳብ ባዶ ምኞት እንዳልሆነ የሚያሳይ የራሳችን ምሳሌ አለን። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በደርግ ዘመን፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት በተወረሰበትና ወጣቱ እግዚአብሔር የለም እየተባለ በሚሰበክበት ወቅት፣ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል የካህናት ማሠልጠኛ አቋቋሙ። የዘመኑ ሁኔታ ካህናትን ከማብዛት ይልቅ ያሉትን መጠበቅ የሚበቃ የሚያስመስል ነበር። እርሳቸው ግን ተማሪ ሰበሰቡ፤ በክረምት የዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን ሳይቀር ተቀብለው አስተማሩ። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ባረፉ ጊዜ ያስተማሯቸው ወጣቶች ቀርተው ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ሥሩን የሚያያይዘው ከዚያ የዝዋይ ጉባኤ ጋር ነው። ብፁዕነታቸው በዚያ ዘመን ያላቸውን አቅም ሁሉ አንድ ታላቅ ካቴድራል ለማነጽ አውለውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይኖረን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ከዓለማዊው ተቋማትም አንድ ልጥቀስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ሲመሠረት አብራሪዎቹም፣ መካኒኮቹም፣ ሥራ አስኪያጁም የውጭ ሰዎች ነበሩ። በውጭ ሰው እየተሠራ መኖር ይቀል ነበር። ድርጅቱ ግን ከጥገና እስከ በረራ የራሱን ሰዎች በራሱ ማሠልጠኛ እያሳደገ ቆየ፤ ኮሎኔል ሰምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሩብ ምዕት ዓመት ፈጅቷል። አንድ ሕፃን ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ቅዳሴ አጥንቶ፣ በድቁና አገልግሎ፣ በቁርባን አግብቶ ቅስና እስኪቀበል የሚፈጀውም ከዚህ ብዙ አያንስም። ዛሬ ያልተጀመረ ነገር ከሃያ ዓመት በኋላም አይኖርም።

በተለይ ዲያቆናትን በተመለከተ ነገሩ ይበልጥ ያስቸኩላል። ዲያቆን በተፈጥሮው አላፊ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ አለዚያም ያገባና ወይ ቅስና ይቀበላል ወይ ከአገልግሎት ይርቃል። ስለዚህ አንድ አጥቢያ ሦስት ዲያቆናት አሉኝ ብሎ ሊተኛ አይችልም፤ ከሥራቸው ሦስት ተማሪዎች፣ ከእነዚያም ሥር ፊደል የሚቈጥሩ ሕፃናት ያስፈልጉታል። ለዚህ ደግሞ አንድ የንባብና የቅዳሴ መምህር በዞኑ ውስጥ በቋሚነት ተቀምጦ፣ ከየአጥቢያው የሚላኩለትን ልጆች ከዘመናዊ ትምህርታቸው ሳያስተጓጉል ቢያስተምር ብዙ ይሠራል። ሰንበት ትምህርት ቤቶች የልጆቹ መገኛ ናቸው፤ በዚያ የሚያስተምሩትን እኅቶች ልፋትም በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል፤ የብዙ ዲያቆናት የመጀመሪያ መምህራን እነርሱ ናቸውና።

የመምህሩና የካህናቱ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ከላይ እንዳየነው ስድሳው አባወራ ብቻውን አይችለውም፤ አይጠበቅበትምም። ከአጥቢያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ሀገረ ስብከት፣ ወደ መንበረ ፓትርያርክ የሚወጣ የገንዘብ መሥመር አለን፤ ወደ ታች የሚመለሰው መሥመር ግን ቀጭን ነው። የምእመናን ቁጥር ላነሰባቸው አጥቢያዎች አገልጋዮች ደመወዝ ብቻ የሚውል፣ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚከፈል፣ እንደ ነህምያ ዕቃ ቤት በካህንና በምእመን በጋራ የሚጠበቅ ቋት ማቋቋም ከአቅማችን በላይ አይመስለኝም። አንድ የአዲስ አበባ ወይም የውጭ ሀገር አጥቢያ አንድ የጠረፍ አጥቢያን አምስት ልዑካን ለመያዝ ቃል ቢገባ እንኳ ትልቅ ጅምር ነው። ቋሚነቱ ከመጠኑ ይበልጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል የሚላክ ብዙ ብር ቄሱን አያስቀምጠውም፤ በየወሩ የሚደርስ በቂ ገንዘብ ግን ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘግበዋል።

ከዚህ ጋር የእርጅና ነገር አለ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 የሃይማኖት ተቋማት ሠራተኞች በፈቃዳቸው እንዲታቀፉ በር ከፍቶ ነበር። በገጠር አርባ ዓመት ቀድሶ ጉልበቱ ሲከዳው በልጆቹ እጅ የሚወድቅ ካህን ያየ ወጣት ዲያቆን ሌላ ሙያ ቢመርጥ ልንፈርድበት አይገባም።

አንዳንዶች ካህናት የእጅ ሙያ ይሠልጥኑ፣ ንብ ያንቡ፣ ልብስ ይስፉ፣ እንደ ቅዱስ ጳውሎስ በእጃቸው ሠርተው ይደሩ ይላሉ። ሥልጠናው መልካም ነው፤ ሐዋርያውም ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። ግን ያው ሐዋርያ ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል እንዲኖር ጌታ እንዳዘዘ ጽፏል (1ቆሮ. 9፥14)፤ የራሱን መብት ቢተውም የሌሎቹን አልተወም። ሙያ ማስተማር የእኛን ግዴታ ለመሸሽ የምንጠቀምበት ከሆነ ሌዋውያንን መልሰን ወደ እርሻቸው መላካችን ነው። ለቅዳሴ የሚቆመው ካህን ሌሊቱን በምን አሳብ እንዳደረ ምእመኑም ሊያስብበት ይገባል።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አጠቃላይ ሰበካ ጉባኤ ይሰበሰባል፤ አህጉረ ስብከትም ሪፖርታቸውን ያቀርባሉ። ስንት ቤተ ክርስቲያን እንደ ተሠራ፣ ስንት ብር ገቢ እንደ ሆነ፣ ስንት ሰው እንደ ተጠመቀ እንሰማለን። በዚያ ሪፖርት ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመርስ? በዓመቱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ወረዳ ስንት አገልጋይ እንደ ለቀቀ፣ ወዴትና ለምን እንደ ሄደ፣ በእርሱም መለቀቅ ስንት አጥቢያዎች ከአምስት በታች እንደ ወረዱ የሚያሳይ ዓምድ። ከሚሴ፣ ባቲና ጅሌ ጥሙጋ በዚያ ዓምድ ላይ በስማቸው ቢጻፉ፣ ጉባኤው ከመበተኑ በፊት «ለእነዚህስ ማን ይሂድ? የሚሄደውስ በምን ይኑር?» ብሎ የሚጠይቅ አባት አይጠፋም።